በሳጥን የተጻፈ ዕጣ

የተበደልኩት ተነፍጌ አይደለም፤ ተሰጥቶኝ ነው። ይህን ስናገር የማይስቅ ሰው አላጋጠመኝም። የማመልከቻ ጸሐፊው ሳቀ፣ የቢሮው ኃላፊ ሳቀ፣ የገዛ ልጄም ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን በደል ነው ብዬ አስመዘግባለሁ። ያልወጣልኝን ዕጣ «ወጣልዎት» ብለው፣ በሰው ፊት እልል አስብለው፣ የሱቅ ቁልፍ አስጨበጡኝ። ማስረጃችሁን አሳዩኝ ስል ግድግዳ ላይ የተደረደረ ሳጥን አሳዩኝ።

ነገሩ ከሆነ አሥር ዓመት አልፎታል። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁትም። የማልረሳውም እነሱ ስላጠፉ ብቻ አይደለም፤ እኔም መሀል ላይ ያጠፋሁት ጥፋት አለ። እሱንም ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

የምኖረው ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ያህል በምታስኬድ የገበያ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቹ አሁንም አሉ፣ አንዳንዶቹም ደንበኞቼ ናቸው። ሥራዬ ጌሾና ብቅል መሸጥ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ከዚያም እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ጋዜጣ ካገኘሁ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። ይህን የምናገረው ለመመካት አይደለም፤ ፊደል ምን እንደሚመስል የማውቅ ሴት መሆኔ እንዲታወቅልኝ ነው።

ገበያው ውስጥ ከፈንታነሽ ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ ከጀመርን ያኔ ሃያ ዓመት ሊሞላን ትንሽ ነበር የቀረው። እሷ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች። ሁለታችን አንድ ሸራ ነበረን። የኋላውን ሁለት ጫፍ አጥሩ ላይ እናስረዋለን። የፊቱን ሁለት ጫፍ ግን ዝናብ ሲመጣ አንዱን እኔ፣ አንዱን እሷ ይዘን እንቆማለን። ከጮቄ ተራራ በኩል ደመናው ሲጠቁር ሳንነጋገር እኩል እንነሳለን። ጌሾ አንዴ ከራሰ ይሻግታል። የሻገተ ጌሾ ጠላ ያበላሻል። ጠላዋ የተበላሸባት ሴት ደግሞ በሚቀጥለው ገበያ መጥታ ከነዘር ማንዘርሽ ታነሳሻለች። የኔም ጉልበት ያኔውኑ መቆም መጥላት ጀምሮ ነበር።

ስለዚህ ገበያውን የሚያስተዳድረው ቢሮ አሥራ ሁለት የቆርቆሮ ሱቆች ሠርቶ «ለሴት ነጋዴዎች በዕጣ ይሰጣሉ» ሲል፣ አርባ የምንሆን ሴቶች ተመዘገብን። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ ከላዬ ቆርቆሮ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ዕጣ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ባደግኩበት ቀበሌ የግጦሽ ሣር ሲከፈል፣ የወንድማማቾች መሬት ሲከፈል ዕጣ ይጣላል። እያንዳንዱ ባለድርሻ የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የገብስ አገዳ፣ አንዱ ከጋቢው የመዘዘውን ክር። ምልክቶቹ በባርኔጣ ተሰብስበው፣ ማን ምን እንደሰጠ ላላየ መንገደኛ ይሰጡታል። መንገደኛው እያነሳ በየድርሻው ላይ ያኖራል። ከዚያ ሁሉም ተጠግቶ ያያል። ባለቤቱ «ጠጠሯ የኔ ናት» ብሎ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። የሚያወጣው ሰው የማንን እንዳወጣ አያውቅም፤ የወጣውን ግን ሁሉም ያያል። ዳኛ ሳያስፈልግ ስንት ዘመን የኖርነው በዚህ ነው።

ፈንታነሽ በምዝገባው ቀን ይህንኑ ሐሳብ አንስታ ነበር። «እያንዳንዳችን ምልክት እንስጥና ከመንገድ አንድ ሰው ይጠራ» አለች። ኃላፊው ፈገግ ብሎ፣ «ያ የድሮ ነው። አድልዎ እንዳይኖር በኮምፒውተር ይወጣል» አለን። አድልዎ እንዳይኖር ያለውን ልብ በሉልኝ።

የዕጣው ቀን በስብሰባ አዳራሹ ተሰበሰብን። ከደብረ ማርቆስ አንድ ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ መጥቷል። የዕጣውን ፕሮግራም የሠራው እሱ ራሱ ነው ተባለ። ክፉ ልጅ አይመስልም፤ ሲገባ ለሽማግሎቹም ለእኛም ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አኖረ፣ ፕሮጀክተሩን ወደ ነጩ ግድግዳ አዞረ። ሁላችንም መብራት እንዳይጠፋ ስንጸልይ ነበር። መብራቱ አልጠፋም።

ግድግዳው ላይ እንደ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ያለ ጥቁር መስኮት በራ። ምንም ሥዕል የለበትም፣ ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ኃላፊው አጭር ንግግር አደረገና፣ «አሁን የመጀመሪያዋን ዕድለኛ ስም ግድግዳው ላይ ታያላችሁ» አለ። ባለሙያው ላፕቶፑን ነካ አደረገ። ግድግዳው ላይ ባዶ ሳጥን ወጣ። አንድ አይደለም፤ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ትንሽ ክፍተት፣ እንደገና ሳጥን በሳጥን።

ከኋላዬ አንዷ፣ «ሱቆቹን እያሳየን ነው» አለች። አሳማኝ ነበር። እኔም ለትንሽ ጊዜ አምኛት የትኛው ሱቅ ወደ መንገዱ እንደሚቀርብ ስፈልግ ነበር።

ባለሙያው ግድግዳውን አየ። ላፕቶፑን አየ። ኃላፊውን አየ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የተመዝጋቢዎች ወረቀት አየና የአንዲት ሴት ስም ጠራ። እልልታው ቀለጠ። እንደገና ነካ አደረገ፤ ሌላ መስመር ሳጥን መጣ። ወረቀቱን አይቶ ሁለተኛዋን ጠራ። ሦስተኛዋንም እንዲሁ። እኔ ከፊት ወንበር ላይ ነበርኩ፤ የልጁ አንገት በላብ ሲረጥብ፣ ዓይኑም ከወረቀቱ አልነሳ ሲል ይታየኛል።

ተነሳሁ።

«ልጄ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው?» አልኩት።

«አዎ እማማ።»

«በምን ቋንቋ?»

«በአማርኛ ነው።»

«እኔ አማርኛ አነባለሁ። ይህን ግን ማንበብ አቃተኝ። አንተ እንዴት አነበብከው?»

አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊው፣ «እማማ፣ ቴክኖሎጂ ነው። ይቀመጡ» አለ። ባለሙያው ግን አልሳቀም። «በእኔ በኩል ይነበባል» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ባንተ በኩልም ሳጥን ነው። ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።»

«ተቀመጪ እንጂ! እኛም ተራችንን እንጠብቅበት!» ብለው ሴቶቹ ከኋላ ጮኹብኝ። ልጁ ላቡን ጠረገና ቀና ብሎ አየኝ።

«እማማ፣ ስምዎን ማን ልበል?»

«ይመኙሻል። የጌሾ ነጋዴዋ።»

«እሺ እትዬ ይመኙሻል፣ ለጥያቄዎ አመሰግናለሁ» አለ። ነካ አደረገ። አራተኛው መስመር ሳጥን ግድግዳው ላይ ወጣ። ወረቀቱ ላይ ጣቱን ወደ ታች ነዳ፣ ነዳና አቆመ። የኔን ስም ከነአባቴ ስም ጠራ።

ጥፋቴ ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው። ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች አቀፉኝ፣ እኔም አቀፍኳቸው። ከላዬ ቆርቆሮ ታየኝ። ከዚያ በኋላ ስምንት ስም ከስምንት መስመር ሳጥን ላይ ተነበበ፤ እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ሳጥኑ ለኔ ስም እስካልደረሰ ድረስ ሳጥን ነበር፤ ለኔ ሲደርስ ጽሑፍ ሆነልኝ።

ፈንታነሽ አልደረሳትም። ስንወጣ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለችኝ። ወደ ሸራችን ብቻዋን ሄደች።

ሱቄ ገባሁ። ጌሾዬን ሰቀልኩ፣ ብቅሌን ደረደርኩ። በር ያለው ነገር ውስጥ ተቀምጦ መሸጥ እንዴት ደስ እንደሚል ያላየው አያውቀውም። ደስታው አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም። አንዲት ቡና ሻጭ ለጎረቤቷ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ስሟን ጠየቃት፣ ነገረችው፣ ጠራት። እንዲህ ነው ዕጣ!» አለች። ሌላዋ፣ «ምኗ ነው ልጁ? የእህቷ ልጅ ነው ይላሉ» አለች። እህት የለኝም። ሳምንት ሳይቆይ ስሜ ተቀየረ፤ «ባለሳጥኗ» ሆንኩ። ጌሾ ፈላጊ ሲመጣ «ባለሳጥኗ ጋ ሂዱ» እያሉ ያመለክቱልኛል። ደንበኛ መላካቸው ደግ ነው፤ አላማቸው ግን ደግነት አልነበረም።

ይህን ሁሉ ቻልኩ። ያልቻልኩት ፈንታነሽን ነው።

አንድ ቅዳሜ ከባድ ዝናብ መጣ፣ በረዶም ቀላቀለ። እኔ ሱቄ ውስጥ ነኝ። ፈንታነሽ ፊት ለፊቴ፣ በዱሮው ቦታችን፣ የሸራውን ሁለት ጫፍ ብቻዋን ልትይዝ ትታገላለች። እጇ አይደርስም። አንዱን ስትይዝ አንዱ ይወርዳል፣ በርበሬዋ ላይ ውሃ ይፈስሳል። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጥዬ ወደ እሷ ሮጥኩ።

«ነይ ግቢ! ዕቃሽንም እናስገባው!» አልኳት።

«አልገባም» አለች።

«ምን ሆነሻል አንቺ? በበረዶ ልትሞቺ ነው?»

«ዕጣሽን አሳዪኝና እገባለሁ።»

«ምን ዕጣ ላሳይሽ?»

«ጠጠር ነበር? ክር ነበር? ምን አነሱልሽ? የወጣለት ሰው ያሳያል። አሳዪኝና እገባለሁ።»

የማሳያት ነገር አልነበረኝም። የሸራውን አንድ ጫፍ ይዤላት ዝናቡ እስኪያባራ ቆምኩ። ቆርቆሮ እያለኝ በበረዶ ተደበደብኩ። ያን ዕለት ወሰንኩ፤ ወይ ዕጣዬን አሳያታለሁ፣ ወይ ቁልፉን እመልሳለሁ።

ሰኞ ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። «የኔ ዕጣ መሆኑን አሳዩኝ። ካልቻላችሁ ተረከቡኝ» አልኩት።

ቁልፉን እንደ እባብ አየው። «እማማ፣ ሰው አልደረሰኝም ብሎ ይከሳል እንጂ ደረሰኝ ብሎ ይከሳል?»

«እኔ እከሳለሁ።»

«ደግሞም ልቀበልዎ አልችልም። ለማስረከብ ፎርም አለን፤ ለመመለስ ፎርም የለንም። እስከ ዛሬ የመለሰ ሰው ስለሌለ አልተዘጋጀም።»

የማመልከቻ ጸሐፊው ጋ ሄድኩ። ከቢሮው በር አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚጽፍ፣ የሰውን በደል ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። «የተወሰደብዎት ምንድን ነው?» አለኝ። «የተሰጠኝ ነው» አልኩት። እስክሪብቶውን አኖረና ሳቀ። «እንዲህ ያለ ማመልከቻ በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም፤ እንዴት ብዬ ልጀምረው?» አለ። እኔ እየነገርኩት ጻፈ። መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ። ዕጣው ዘመናዊና ግልጽ በሆነ መንገድ የተከናወነ ስለሆነ ቅሬታዬ ተቀባይነት የለውም ይላል። ግልጽ የሚለው ቃል ላይ ማኅተም ስላረፈበት ለማንበብ ተቸገርኩ።

ከዚያ በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ኮምፒውተር የሚያስተምሩበት አንድ ትንሽ ቤት ገባሁ። ትዕግሥት የምትባል አስተማሪ አገኘችኝ፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ልመዘገብ የመጣሁ መስሏት የማታውን ክፍል ልትነግረኝ ጀመረች።

«መማር አይደለም ልጄ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ሰው ሳጥን ማንበብ ይችላል?»

ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳት። አልሳቀችም። ስሜን ጠየቀችኝና ነጭ መስኮት ላይ «ይመኙሻል» ብላ በአማርኛ ጻፈች፤ ለአንድ ፋይልም መጠሪያ አደረገችው። ከዚያ ያንን ጥቁር መስኮት ከፈተችው። ደነገጥኩ፤ የአዳራሹ መስኮት ራሱ ነው። ትዕዛዝ ጻፈችበት፣ የፋይሎቹም ስም ተዘረዘረ። የእንግሊዝኛው ሁሉ ይነበባል። የኔ ስም ብቻ ሳጥን ሆኗል።

«ይኸው እኔ!» አልኩ።

«ይህ መስኮት የአማርኛ ፎንት የለውም» አለችኝ። «ፊደሉን ያውቀዋል፤ መልኩን ግን መሣል አይችልም። ስለዚህ በቦታው ሳጥን ያስቀምጣል።»

«እንግዲያ ስሜ ጠፍቷል?»

«አልጠፋም፤ ይዩ።» ሳጥኖቹን መረጠች፣ ቀዳቻቸው፣ ነጩ መስኮት ላይ ለጠፈቻቸው። ስሜ አንድ ፊደል ሳይጎድል ቁጭ አለ። «የጥያቄ ምልክት ሆኖ ቢመጣ ኖሮ ምናልባት ጠፍቷል እልዎት ነበር። ሳጥን ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ፊደሉ ከኋላው አለ።»

«በዓይኑ የሚያነበው ሰውስ?»

«የለም እማማ። ማንም አያነበውም።»

ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። የመጀመሪያው ጊዜ ለመረዳት፣ የቀረው ለደስታ ነው። ስወጣ ግን ደስታዬ በረደ። ማንም የማያነበው ከሆነ የኔም ስም አልተነበበም ማለት ነው። ከኋላው ያለው የኔ ስም ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ሚኒባሱ ውስጥ ከተማችን እስክደርስ ድረስ «የኔ በሆነ» እያልኩ ነበር።

በማግስቱ ለፈንታነሽ ነገርኳት። እሷም ለሴቶቹ ነገረች። በገበያ ቀን ከማለዳው ዕጣ ያልደረሳቸው ሴቶች በሙሉ ኃላፊው ቢሮ ገቡ። ከደረሳቸው የሄድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። እያንዳንዷ ምልክቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ጠጠር፣ የነጭ ሽንኩርት ፍሬ፣ የበርበሬ ዛላ፣ የልብስ ቁልፍ የተበጠሰበት ክር፣ የምስር ክክ የተቋጠረባት ጨርቅ። እኔም አንዲት የጌሾ ቅጠል አኖርኩ። የኃላፊው ወረቀቶች ከሥር ተቀበሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

ፈንታነሽ መለሰችለት። «ወይ ሳጥኑን ክፈቱልን፣ ወይ በዚህ አውጡልን። መንገደኛ ውጭ ሞልቷል።»

«ሳጥን አይከፈትም እኮ!»

«ይከፈታል» አልኩ። «ይመረጣል፣ ይቀዳል፣ ነጩ ላይ ይለጠፋል። ደብረ ማርቆስ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ኃላፊው ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም። ስልኩን አነሳ።

በሳምንቱ ባለሙያው መጣ። ያው አዳራሽ፣ ያው ግድግዳ። አሁንም ጎንበስ ብሎ ሰላም አለን፤ ዛሬ ግን ቶሎ ቀና አላለም። የዚያን ቀን የወጣው ዕጣ ተቀምጦ እንደሆነ ኃላፊው ጠየቀው። «ተቀምጧል» አለ። ጥቁሩን መስኮት ከፈተ። አሥራ ሁለት መስመር ሳጥን ግድግዳው ላይ ተሰለፈ።

«በል ምረጠው» አልኩት ከወንበሬ። መረጠው። «ቅዳው።» ቀዳው። «አሁን ነጩ ላይ ለጥፈው።» አንዷ ሴት፣ «ባለሳጥኗ ባለሙያ ሆነችልን!» አለች፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሳያልቅ ግድግዳው ላይ አሥራ ሁለት ስም በአማርኛ ወጣ።

ማንበብ የሚችሉት ለማይችሉት አነበቡ። የዚያን ቀን ከተጠሩት ውስጥ እውነት የወጣላቸው ሦስት ሴቶች ብቻ ሆኑ። እነሱም ቢሆኑ እንዲያው ገጥሞላቸው ነው።

እኔ ከላይ ወደ ታች አነበብኩ። ከታች ወደ ላይ አነበብኩ። መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አነበብኩ።

«የለሽም» አለችኝ ፈንታነሽ።

«አይቻለሁ» አልኳት።

«እኔም የለሁም።»

«እሱንም አይቻለሁ።»

ዘጠኝ ሱቅ ባለቤት ቀየረ። ከኔ ሌላ ሱቃቸውን ያጡት ስምንት ሴቶች እስከ ዛሬ ጥፋተኛ የሚሉት ኃላፊውን አይደለም፣ ባለሙያውንም አይደለም፤ እኔን ነው። ለመመለስ ፎርም ስለሌለ ኃላፊው የማስረከቢያውን ፎርም አውጥቶ «ተረካቢ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዞ «መላሽ» ብሎ ጻፈበት። መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ። የኔ ሱቅ ለአንዲት ቀይ ሽንኩርት ሻጭ ደረሰ። ሱቁ የራሷ ዕጣ እንደነበረ የታወቀላት በኔ ጩኸት ነው፤ ግን ሰላምታ እንኳ ሰጥታኝ አታውቅም። ለምን ትሰጠኛለች? ስሟ ወጣላት፤ የኔ ውለታ አይደለም።

ሸራ ሥር ስመለስ ፈንታነሽ ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። «ሞኝ!» አለችኝ። «ትንሽ ብትታገሺ እገባልሽ ነበር። እኔ እኮ የተናደድኩት ለዚያ ቀን ነው።»

ያን ቀን ሳላናግራት ዋልኩ። ዝናብ ሲመጣ ግን ተነስተን ጫፍ ጫፋችንን ያዝን።

አሁን ሳስበው ሱቁ ይቆጨኛል። አይቆጨኝም ብል ውሸት ነው፤ በተለይ በሐምሌ ይቆጨኛል። መመለሴ ግን አይቆጨኝም። ሁለቱ አብረው አንድ ሆድ ውስጥ ይኖራሉ፤ ለምጃቸዋለሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ቅድም የነገርኳችሁ ነው፤ ስሜ ሲጠራ መቀመጤ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኝ ነበር። ስሞቹ ግድግዳው ላይ የወጡ ዕለት፣ ሴቶቹ ከአዳራሹ ሲወጡ እኔ ቀረሁ። ባለሙያው የፕሮጀክተሩን ገመድ እየጠቀለለ ነበር። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

«ልጄ፣ ልቆጣህ አይደለም። ስትሞክረው አላየኸውም ነበር?»

«ቤት ሆኜ በጓደኞቼ ስም ሞክሬው ነበር እማማ። በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የጻፍኩት፤ ያለ ችግር ሠራ። የእናንተ ስም በአማርኛ እንደሚመጣ አላሰብኩበትም። አዳራሽ ውስጥ ሳጥን ሲወጣ ራሴ ዞረ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ኃላፊው አጠገቤ ቆሞ… አልሠራም ማለት አቃተኝ። ዕጣ ከሆነ ያው ዕጣ ነው ብዬ ከወረቀቱ ላይ ዓይኔ ያረፈበትን ጠራሁ።»

«እውነተኛውን ስም መቼ አየኸው?»

«የዚያኑ ዕለት ማታ።»

«ዝም አልክ።»

«ዝም አልኩ።»

ከዚህ በላይ ልጨቀጭቀው አልፈለግኩም። ግን ስንት ሳምንት የሰው አፍ የበላኝ በአንዲት ነገር ስለሆነ ሳልጠይቅ መሄድ አልሆነልኝም።

«አንተ የእህቴ ልጅ አይደለህም፣ እኔም አክስትህ አይደለሁም። ከዚያ በፊት አይተኸኝ አታውቅም። የሌሎቹን ስም ዓይንህ ያረፈበትን ጠራህ እሺ። የኔን ግን ጠይቀህ፣ ወረቀቱ ላይ ፈልገህ ነው የጠራኸው። ለምን?»

ገመዱን ጠቅልሎ ጨረሰ። ፈትቶ እንደገና መጠቅለል ጀመረ።

«ዝም እንዲሉልኝ ነበር እማማ።»